የሚመረመረው የተሐዋሲው ዘር ነው እንጂ የሰውየው አይደለም

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ አምባ ጊዮርጊስን አልፎ፣ ከጎንደር 75 ኪሎ ሜትር ያህል ሲርቅ ዳባትን፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲርቅ ደግሞ ደባርቅን ያገኛል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ብርዳም የደጋ ከተማ ናት። አገሩ የገብስና የባቄላ፣ የበግና የጋቢ አገር ነው። የውጭ አገር እንግዳ ይህን ምድር የሚያውቀው በሰሜን ተራሮች፣ በዋልያውና በጭላዳው፣ መኪና እየዞረ በሚወርድበት በሊማሊሞ ገደል ነው። እኛ ግን ዛሬ በዚህ ገጽ ልናነሣው የወደድነው እንግዳ ስለማያየው፣ የአገሩ ሰው ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለሚያወራው ጉዳይ ነው። ይኸውም ሥጋ ደዌና ሥጋ ደዌን የሚያመጣው ተሐዋሲ መድኃኒት ለምዶ እንደ ሆነ የሚታወቅበት አዲስ ምርመራ ነው።

ይህን ጉዳይ ለተማሪዎችና ለወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ማቅረባችን ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ በትምህርት ቤት ወንበር ላይ ያለው ወጣት ነገ በዳባት ጤና ጣቢያ ወይም በደባርቅ ሆስፒታል የሚሠራ፣ በወረዳ ጽሕፈት ቤት ወንበር የሚቀመጥ፣ የገጠሩን ሰው አቤቱታ የሚሰማ ሹም ይሆናል። ያን ጊዜ ቃሉ መድኃኒት ሊሆን ይችላል፤ ቃሉ ቁስልም ሊሆን ይችላል።

የዘር ነገር

እንደሚታወቀው በደጋው አገራችን ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌዎች እስከ ሰባት ቤት ድረስ ዘር ይቆጥራሉ። ዋናው ዓላማ የሥጋ ዝምድና ያላቸው እንዳይጋቡ ለመጠበቅ ቢሆንም ቆጠራው በዚያ ብቻ አያበቃም። «ከዚያ ቤት እኮ ደዌ አለ» የሚል ሹክሹክታ በመካከል ከገባ፣ አንዳች ሕመም የሌላት ልጅ ሳታገባ ትቀራለች፤ ወንድሟም ሚስት ፍለጋ ወደ ሩቅ አገር ይሄዳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ሥጋ ደዌ በዘር ይወርዳል ተብሎ ስለሚታመን ነው። «ቆማጣን ቆማጣ ካላሉት ገብቶ ይፈተፍታል» የሚለው ክፉ ተረትም ከዚሁ ፍርሃት የተወለደ ነው። ተረቱን ሁላችንም በልጅነታችን ሰምተነዋል፤ ትርጉሙን መርምረን የተውነው ግን ስንቶቻችን ነን?

እውነቱ ግን ሌላ ነው። ኖርዌያዊው ሐኪም ጌርሃርድ አርማወር ሐንሰን በርገን በተባለችው ከተማ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1873 የበሽታውን ተሐዋሲ በማጉያ መነጽር አይቶ፣ በሽታው ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ርስት ሳይሆን በረቂቅ ተሐዋሲ የሚመጣ መሆኑን አስታወቀ። ተሐዋሲው ከአፍና ከአፍንጫ በሚወጣ እርጥበት አማካይነት፣ ሕክምና ካላገኘ በሽተኛ ጋር ለረዥም ጊዜ ተቀራርቦ በሚኖር ሰው ላይ እንደሚተላለፍ ይታመናል። ከዚህም ጋር ከሰው ልጅ አብዛኛው በተፈጥሮው በሽታውን ሊከላከል የሚችል ነው። ሕክምና የጀመረ በሽተኛም ከጥቂት ቀናት በኋላ በሽታውን ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፍም።

እንግዲህ ልብ በሉ። ዛሬ የሳይንስ ሰዎች «የሥጋ ደዌ የዘር ምርመራ» የሚሉትን ነገር ስንጽፍ፣ ዘር በሚቆጠርበት አገር ይህ ስም እንዴት ሆኖ ሊሰማ እንደሚችል መገመት አያዳግትም። «የልጆቼን ዘር ሊመረምሩ ነው፤ ቤቴን ሊያሰድቡት ነው» የሚል አባት ቢኖር አይፈረድበትም። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመን አንድ ነገር እንናገር። በዚህ ምርመራ የሚነበበው የሰውየው ዘር አይደለም። የሚነበበው በሰውየው ቆዳ ውስጥ በስርቆት የገባው የተሐዋሲው ዘር ነው።

የማይበቅለው ተሐዋሲ

ብዙዎች በሽታ አምጪ ተሐዋስያን በላቦራቶሪ ውስጥ ምግብ ተሰጥቷቸው እንደ ዘር ይበቅላሉ። ሐኪሙም በበቀሉት ላይ ልዩ ልዩ መድኃኒት ጨምሮ የትኛው እንደሚገድላቸው ያያል። የሥጋ ደዌ ተሐዋሲ ግን ሐንሰን ካየው ጊዜ አንሥቶ እስከ ዛሬ ድረስ በሰው እጅ በተዘጋጀ ምግብ ላይ አልበቅልም ብሎ የቀረ ግትር ፍጥረት ነው። ጠባዩም ዘገምተኛ ነው። በሆድ ውስጥ የሚገኙ አንዳንድ ባክቴሪያዎች በ20 ደቂቃ ውስጥ አንዱ ሁለት ሲሆን፣ የሥጋ ደዌው ተሐዋሲ አንዱ ሁለት ለመሆን ከ12 እስከ 14 ቀን ያህል ይወስድበታል። በሽታው በሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ምልክቱ ለመታየት በአማካይ አምስት ዓመት፣ አንዳንድ ጊዜም 20 ዓመትና ከዚያ በላይ መቆየቱ ከዚሁ የተነሣ ነው።

በ1960 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ቻርልስ ሼፐርድ ተሐዋሲው በአይጥ እግር መዳፍ ውስጥ በጥቂቱ ሊራባ እንደሚችል አሳየ። ከዚያ ወዲህ የመድኃኒት ፈተና የሚደረገው በአይጥ ነበር። ከበሽተኛው ቆዳ የተወሰደው ተሐዋሲ በአይጦች መዳፍ ውስጥ ይወጋል፤ ከፊሎቹ አይጦች መድኃኒቱ ከምግባቸው ጋር ተደባልቆ ይሰጣቸዋል፤ ከዚያም ይጠበቃል። መድኃኒት በበሉት አይጦች ውስጥ ተሐዋሲው ከተራባ መድኃኒቱን ለምዷል ማለት ነው። ዘዴው ትክክለኛ ቢሆንም ውጤቱ የሚታወቀው ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ድረስ ተጠብቆ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ የበሽተኛው ጣት ይደነዝዛል፤ ዐይኑም ሊጠፋ ይችላል። የነርቭ ጉዳት የአይጥን ፈተና ቆሞ አይጠብቅም።

አንዱ ቁልፍ ሲያረጅ

ዳፕሶን የተባለው እንክብል ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ላይ ሲሠራጭ ታላቅ ደስታ ሆኖ ነበር። ርካሽ ነው፤ በአፍ የሚዋጥ ነው፤ ብዙ ሰው አድኗል። ነገር ግን ለብዙ ዓመታት ብቻውን ሲሰጥ ቆየ። በ1964 እ.ኤ.አ. ፔቲትና ሪስ የተባሉት ሐኪሞች በማሌዥያ አገር ከታከሙ በሽተኞች የተወሰደው ተሐዋሲ ዳፕሶን በሚበሉ አይጦች ውስጥ ሳይሞት መራባቱን አረጋገጡ። ተሐዋሲው መድኃኒቱን ለምዶት ነበር።

ይህ የማሌዥያ ወሬ ሆኖ አልቀረም። በአዲስ አበባ፣ ቀድሞ የልዕልት ዘነበወርቅ ሆስፒታል በነበረበት ቦታ፣ በ1965 እ.ኤ.አ. መላው አፍሪካን የሚያገለግል የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛና ማገገሚያ ማዕከል ተመሠረተ፤ ይህም ሁላችን አለርት እያልን የምንጠራው ነው። በ1970 እ.ኤ.አ. ደግሞ በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች አነሣሽነት፣ ከጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ጋር በመስማማት፣ በሐንሰን ስም የተሰየመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም በዚያው ግቢ ተቋቋመ። በ1970ዎቹ ዓመታት በአለርት ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ፒርሰንና የሥራ ባልደረቦቻቸው ባደረጉት ጥናት፣ በአዲስ አበባና በአካባቢው ለረዥም ጊዜ ዳፕሶን ሲወስዱ ከነበሩት ብዙ ተሐዋሲ ካለባቸው በሽተኞች መካከል በየዓመቱ ከመቶ ሦስት ያህሉ መድኃኒቱ እንደማይሠራላቸው ተገለጸ። ከዚያም አልፎ፣ ዳፕሶን ከዚህ በፊት ቀምሰው በማያውቁ አዲስ በሽተኞች ላይ መድኃኒቱን የለመደ ተሐዋሲ ተገኘ። ይህ የመጨረሻው ነገር ከሁሉ የከፋ ነበር፤ የለመደው ተሐዋሲ ከሰው ወደ ሰው መተላለፍ መጀመሩን ያመለክታልና።

እንግዲህ አገራችን በዚህ ነገር ተመልካች ብቻ አልነበረችም። ለዓለም የማስጠንቀቂያውን ደወል ካሰሙት አገሮች አንዷ ናት።

መፍትሔውም ብዙ አልዘገየም። በ1981 እ.ኤ.አ. የዓለም የጤና ድርጅት የሰበሰባቸው ሊቃውንት አንድ መድኃኒት ለብቻው እንዳይሰጥ፣ ይልቁንም ሪፋምፒሲን፣ ክሎፋዚሚንና ዳፕሶን በአንድነት እንዲሰጡ መከሩ። የምክሩ መሠረት ቀላል ሒሳብ ነው። ብዙ ተሐዋሲ በያዘው በሽተኛ ሰውነት ውስጥ መቶ ሺህ ሚሊዮን ተሐዋሲ ሊኖር ይችላል። ሊቃውንት እንደሚገምቱት ከአሥር ሚሊዮን ተሐዋስያን አንዱ በአጋጣሚ ሪፋምፒሲንን የሚቋቋም ሆኖ ይወለዳል። ስለዚህ ሪፋምፒሲን ብቻውን ቢሰጥ አሥር ሺህ ያህል ተሐዋስያን ከሞት ተርፈው ሜዳው ይለቀቅላቸዋል። ዳፕሶንን የሚቋቋመው ደግሞ ከአንድ ሚሊዮን አንዱ ነው ብንል፣ ሁለቱንም አንድ ላይ የሚቋቋም አንድ ተሐዋሲ ለማግኘት አሥር ሚሊዮን ጊዜ አንድ ሚሊዮን ያህል ተሐዋሲ ያስፈልጋል፤ ይህም በበሽተኛው ሰውነት ውስጥ ካለው ሁሉ መቶ እጥፍ ነው። አንድ ሌባ አንዱን ቁልፍ ይሰብር ይሆናል፤ ሦስቱን በአንድ ሌሊት መስበር ግን ይቸግረዋል።

ይህ የሦስት መድኃኒት ሕክምና ከ1980ዎቹ ጀምሮ በአገራችን ተሠራጭቶ፣ ኢትዮጵያ በ1999 እ.ኤ.አ. የበሽተኛው ቁጥር ከ10,000 ሰው ከአንድ በታች እንዲሆን የተወሰነውን ግብ ደረሰች። ይህ ማለት ግን በሽታው ጠፋ ማለት አይደለም። በቅርብ ዓመታትም ቢሆን በአገራችን በየዓመቱ 3,000 ያህል አዲስ በሽተኞች ይመዘገባሉ።

ሦስት ፊደል

አሁን ወደ ምርመራው እንምጣ። ፍጥረት ሁሉ የአሠራሩን ትእዛዝ በውስጡ ተጽፎ ይዞ ይዞራል። የትእዛዙ መጽሐፍ ዲ.ኤን.ኤ. ይባላል፤ ፊደሎቹም ኤ፣ ሲ፣ ጂ እና ቲ የሚባሉ አራት ብቻ ናቸው። በ2001 እ.ኤ.አ. ስቴዋርት ኮልና ባልደረቦቻቸው የሥጋ ደዌውን ተሐዋሲ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አንብበው አሳተሙ። ርዝመቱ 3.27 ሚሊዮን ፊደል ያህል ሆኖ ተገኘ። የሚያስደንቀው ነገር፣ ከትእዛዞቹ ብዙዎቹ እንደ ተፋቀ ብራና የማይሠሩ ሆነው መገኘታቸው ነው። ተሐዋሲው ከሰው አካል ውጭ በላቦራቶሪ ምግብ ላይ መኖር ያቃተውም ብዙ ችሎታውን በዘመናት ብዛት ስለጣለ ሳይሆን አይቀርም ይባላል።

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ቃል ሁሉ ሦስት ፊደል ነው። የአማርኛ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ብዙው ግሣችን ሦስት ፊደል ነውና። «ነገረ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። የመጨረሻውን ፊደል ብቻ ለውጠን «ነገሠ» ብንል፣ ተናጋሪው ሰውዬ ንጉሥ ሆኖ ቁጭ አለ ማለት ነው። በተሐዋሲውም መጽሐፍ ውስጥ እንዲሁ ነው። በሚባዛበት ጊዜ በአጋጣሚ አንዲት ፊደል ትሳሳታለች፤ በተሳሳተችውም ፊደል ምክንያት መድኃኒቱ የሚይዘው ቦታ ቅርፁን ይለውጣል፤ መድኃኒቱም የሚጨብጠውን ያጣል።

ሐኪሞቹ መጽሐፉን ሁሉ ማንበብ አያስፈልጋቸውም። የሚያነቡት ሦስት ምዕራፍ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ፎልፒ1 የሚባለው ነው። ዳፕሶን ተሐዋሲው ለኑሮው የሚያስፈልገውን ፎሊክ አሲድ እንዳያዘጋጅ የሚከለክለው በዚህ በኩል ነው። በ53ኛውና በ55ኛው ቃል ላይ ስሕተት ከተገኘ ዳፕሶን አይሠራም። ሁለተኛው አርፖቢ ነው። ሪፋምፒሲን የተሐዋሲውን ትእዛዝ የሚገለብጠውን ጸሐፊ እጅ የሚይዘው እዚህ ላይ ነው። በ456ኛው ቃል ላይ ሰሪን የሚባለው በሉሲን ሲተካ ጸሐፊው እጁን ያስለቅቃል፤ ሪፋምፒሲንም ከንቱ ይሆናል። ይህንንም በ1993 እ.ኤ.አ. ኦኖሬና ኮል አስታውቀዋል። ሦስተኛው ጋይርኤ ነው። ኦፍሎክሳሲንና ወንድሞቹ የተቋጠረውን የዲ.ኤን.ኤ. ክር ተሐዋሲው እንዳይፈታ የሚከለክሉት በዚህ ነው፤ የሚታየውም በተለይ 91ኛው ቃል ነው።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ከበሽተኛው ቁስል ዳር ከጥቂት ሚሊ ሜትር የማትበልጥ የቆዳ ቅንጣት ቦታው ደንዝዞ ትወሰዳለች። ከቅንጣቷ ዲ.ኤን.ኤ.ው ይለያል። ከዚያም ፒ.ሲ.አር. በሚባለው መሣሪያ የሚፈለጉት ሦስት ምዕራፎች ብቻ በሚሊዮን የሚቆጠር ቅጂ ይወጣላቸዋል። በመጨረሻ ቅጂው ፊደል በፊደል ይነበባል። አይጥ አንድ ዓመት ያስጠብቅበት የነበረው መልስ፣ ናሙናው ላቦራቶሪ ከደረሰ በኋላ በቀናት ውስጥ ይገኛል።

ለደባርቅና ለዳባት ሰው ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ አንድ ነገር አለ። ለአይጥ ፈተና ተሐዋሲው በሕይወቱ መድረስ አለበት፤ ለዘር ምርመራ ግን የሞተውም ይነበባል። ስለዚህ የቆዳዋ ቅንጣት 70 በመቶ በሆነ አልኮል ውስጥ ተነክራ፣ በረዶ ሳያስፈልጋት፣ ከደባርቅ እስከ አዲስ አበባ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ በተራ መኪና ልትጓዝ ትችላለች። በአንድ ጊዜ የሩቅ አገር ሰው ከዋና ከተማው ሰው ጋር እኩል የሚሆንበት በር ተከፈተ ማለት ነው።

ምርመራው ወሰን ያለው መሆኑንም መሸሸግ አይገባም። በቅንጣቷ ውስጥ በቂ ተሐዋሲ ከሌለ የሚነበብ ነገር አይኖርም። ስለዚህ አስቀድሞ ከቆዳ ፈሳሽ ወስዶ በማጉያ መነጽር መቁጠር ያስፈልጋል፤ ቁጥሩም በሐኪሞች መለኪያ ሁለትና ከዚያ በላይ ሲሆን ናሙናው ለዘር ምርመራ ይላካል። ከዚህም ሌላ የሞተ ተሐዋሲ ለብዙ ጊዜ በቆዳ ውስጥ ስለሚቆይ፣ ዲ.ኤን.ኤ. መገኘቱ ብቻውን በሽታው ተመልሷል አያሰኝም። መሣሪያው የሐኪሙን ዐይንና ጣት አይተካም።

የደባርቁ ገበሬ

ነገሩን ይበልጥ ግልጽ ለማድረግ ምሳሌ እንስጥ። ከደባርቅ በታች ባለ አንድ ቀበሌ የሚኖሩ የ55 ዓመት ገበሬ አሉ እንበል። ከዓመታት በፊት የአሥራ ሁለት ወሩን ሕክምና ፈጽመዋል። በየወሩ አንድ ቀን ጤና ጣቢያ መጥተው 600 ሚሊ ግራም ሪፋምፒሲንና 300 ሚሊ ግራም ክሎፋዚሚን ከዳፕሶኑ ጋር በሠራተኛው ፊት ይውጡ ነበር። ሌላውን ደግሞ በየቀኑ ቤታቸው ይወስዱ ነበር። አሁን በጀርባቸውና በፊታቸው ላይ አዲስ እብጠት ወጣ። ወጣቱ የጤና መኮንን ምን ይላል?

የተለመደውና የሚያሳፍረው መልስ «መድኃኒቱን ሳይውጡ ቀርተዋል» የሚለው ነው። ሰውዬው ግማሽ ቀን በእግራቸው ተጉዘው የመጡ ናቸው፤ ይህን ከሰሙ ዳግመኛ አይመጡም። ልጆቻቸውንም አያስመረምሩም።

ሊሆን የሚችለው ግን ሦስት ነው። አንደኛ፣ ምናልባት በሽታው አልተመለሰ ይሆናል። ሰውነት ከሞተው ተሐዋሲ ጋር ሲታገል የሚነሣ ቁጣ አለ፤ ሐኪሞች ሪአክሽን ይሉታል። ብዙውን ጊዜ ድንገት ይመጣል፤ ቁስሉ ይቀላል፣ ያብጣል፤ ነርቩ ሲነካ ያማል። የሚበዛውም ሕክምና በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ውስጥ ነው። መድኃኒቱም ፕሬድኒሶሎን ነው እንጂ አዲስ የሥጋ ደዌ መድኃኒት አይደለም፤ ቶሎ ካልተሰጠ ነርቩ ይሞታል። ሁለተኛ፣ በሽታው በእውነት ተመልሶ ነገር ግን ተሐዋሲው መድኃኒቱን አልለመደ ይሆናል። ያን ጊዜ ያው ሦስቱ መድኃኒት እንደገና ይሰጣል፤ ሰውዬውም ይድናሉ። ሦስተኛ፣ ተሐዋሲው ሪፋምፒሲንን ለምዶ ይሆናል። ያን ጊዜ ያንኑ መድኃኒት መደጋገም በወንፊት ውኃ መቅዳት ነው።

በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለውን ልዩነት በዐይን ማየት አይቻልም። የሚለየው የዘር ምርመራው ነው። ልዩነቱም ቀላል አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ሪፋምፒሲንን የለመደ ተሐዋሲ ያለበት ሰው ክሎፋዚሚንን ከሁለት ሌሎች መድኃኒቶች ጋር፣ ማለት ከኦፍሎክሳሲን ወይም ከወንድሞቹ አንዱን፣ ሚኖሳይክሊንን ወይም ክላሪትሮማይሲንን እያጣመረ ስድስት ወር በየቀኑ ይወስዳል። ቀጥሎም ክሎፋዚሚንና ከነዚህ አንዱን ለ18 ወር ይቀጥላል። በጠቅላላው ሁለት ዓመት ነው። ይህን ሸክም ያለ ማስረጃ በሰው ላይ መጫን ግፍ ነው፤ ለሚያስፈልገው ሰው መከልከልም ግፍ ነው።

ደግሞም የለመደ ተሐዋሲ ቢገኝ እንኳ ገበሬው ጥፋተኛ ናቸው ማለት አይደለም። አስቀድመን እንዳየነው፣ በአዲስ አበባ የተገኘው የለመደ ተሐዋሲ መድኃኒት ቀምሰው በማያውቁ ሰዎች ላይም ነበር። ተሐዋሲው ከሌላ ሰው ተምሮ መጥቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ምርመራው መድኃኒት ይመርጣል እንጂ ሰው አይከስም።

ወጣቱ የጤና መኮንንም እንዲህ ቢል መልካም ነው፤ «አባቴ፣ ይህች ቅንጣት የምትሄደው የእርስዎን ዘር ለማወቅ አይደለም። የትኛው መድኃኒት ያንን ተሐዋሲ እንደሚገድለው ለማወቅ ነው። የእርስዎ ዘር እንዳለ ነው፤ የልጆችዎም እንዲሁ።» ይህን ለመናገር አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ሰውዬው ግን በዚያች ደቂቃ የሰሙትን ለመንደሩ ሁሉ ይዘው ይመለሳሉ።

የዓለም ቁጥር ምን ይላል

ነገሩ ሩቅ ነው የሚል አንባቢ እንዳይኖር ቁጥር እንጥቀስ። የዓለም የጤና ድርጅት የመድኃኒት መልመድን የሚከታተል የላቦራቶሪዎች መረብ ዘርግቶ፣ ከ2009 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. በ19 አገሮች ውስጥ 1,932 በሽተኞች በዘር ምርመራ ታዩ። ከነዚህ 1,143ቱ በሽታው የተመለሰባቸው፣ 789ኙ አዲስ በሽተኞች ነበሩ። በ154ቱ ላይ፣ ማለት ከመቶ ስምንት በሚሆኑት ላይ፣ መድኃኒት የለመደ ተሐዋሲ ተገኘ። ሪፋምፒሲንን የለመደው በ74 ሰዎች ላይ የታየ ሲሆን፣ ከነዚህ 58ቱ በሽታው የተመለሰባቸው፣ 16ቱ ደግሞ አዲስ ነበሩ።

ከዚህ ቁጥር ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛው የሚያጽናና ነው፤ ከመቶ ዘጠና ሁለቱ በሽተኞች ተሐዋሲ አሁንም በተፈተኑት መድኃኒቶች ይገዛልና የሚያስደነግጥ ነገር የለም። ሁለተኛው የሚያስጠነቅቅ ነው፤ አሥራ ስድስቱ አዲስ በሽተኞች ዋናው መድኃኒት የማይገድለውን ተሐዋሲ ከሌላ ሰው የተቀበሉ ናቸውና የዳፕሶን ታሪክ በሪፋምፒሲን እንዳይደገም መንቃት ያስፈልጋል።

የንቃቱ አስፈላጊነት ዛሬ ከቀድሞው ይበልጣል። በ2018ቱ መመሪያ ከበሽተኛ ጋር በአንድ ቤት ለሚኖሩ ጤነኞች አንድ ጊዜ ብቻ የሚዋጥ ሪፋምፒሲን ለመከላከያ እንዲሰጥ ተመክሯል። በባንግላዴሽ በተደረገ ጥናት ይህች አንዲት መጠን በሁለት ዓመት ውስጥ በበሽታው የመያዝን ዕድል ከግማሽ በላይ ቀንሳለች። ታላቅ በረከት ነው። ነገር ግን መድኃኒት በብዛት ሲሠራጭ መልመዱም መጠበቅ እንዳለበት ከዳፕሶን ተምረናል።

የወጣቱ ድርሻ

የጎንደርና የአካባቢው ሰው ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለም። በ1953 እ.ኤ.አ. በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከጨረሰ በኋላ፣ በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተቋቋመ። ከዚያም የጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና የአካባቢ ጽዳት ሠራተኞች በኅብረት ተደራጅተው ወደየወረዳው ተላኩ። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲም በዳባት በ1996 እ.ኤ.አ. የምርምር ማዕከል አቋቁሞ የሕዝቡን ልደትና ሞት ከቤት ቤት መመዝገብ ጀመረ። ከ2003 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው አሉ። በ2021 እ.ኤ.አ. ጦርነቱ እስከ ዳባት ወረዳ በደረሰ ጊዜ በአማራ ክልል ብዙ ጤና ተቋማት ተጎድተዋል፤ በየወሩ ለሚዋጥ መድኃኒት መንገድ መዘጋት ምን ማለት እንደ ሆነ ያን ጊዜ የነበረ ሰው ያውቀዋል።

ስለዚህ ከወጣቱ ሠራተኛ የሚጠበቀው ረቂቅ መሣሪያ መያዝ ሳይሆን ጥቂት ቀላል ነገሮችን ሳያጎድል መሥራት ነው። በቆዳ ላይ የማይሰማ የነጣ ወይም የቀላ ምልክት ሲያይ ቸል አይበል። በየወሩ የሚዋጠውን መድኃኒት በፊቱ ያስውጥ፤ መዝገቡን ያሟላ። ሕክምና ፈጽሞ የተመለሰውን ሰው ስም በመዝገብ ለይቶ ይጻፍ፤ የዘር ምርመራው ከሁሉ በፊት የሚፈልገው እሱን ነውና። የቆዳውን ቅንጣት በ70 በመቶው አልኮል ነክሮ፣ ስሙንና ቀኑን በጠርሙሱ ላይ ጽፎ ይላክ። ውጤቱ ሲመጣም በፋይል ውስጥ አስቀምጦ አይርሳ፤ ሰውየውን ልኮ ያስጠራ። ግማሽ ቀን ተጉዞ የመጣ ሰው ውጤቱን ለመስማት ሁለተኛ ግማሽ ቀን እንዳይጓዝ በየወሩ ከሚመጣበት ቀን ጋር ያገናኝለት።

በአስተዳደር ወንበር ላይ ያለው ወጣትም የራሱ ሥራ አለው። ናሙና የሚጓዝበት መኪና፣ አልኮል የሚገዛበት ጥቂት ብር፣ ቆዳ መውሰድ የሚችል አንድ የሠለጠነ ሠራተኛ ሲጎድል ምርመራው አዲስ አበባ ላይ ቢኖርም ለደባርቅ ሰው የለም ማለት ነው። ይህን የሚሞላው ሐኪም ሳይሆን በጀት የሚጽፈው እጅ ነው።

ተማሪውም ቢሆን ድርሻ የለኝም አይበል። ለዕረፍት ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው የአንዲትን ልጅ ዘር ሲቆጥሩና «ከዚያ ቤት ደዌ አለ» ሲባል ይሰማ ይሆናል። ያን ጊዜ በአክብሮት ተነሥቶ፣ ሥጋ ደዌ በደም የማይወርድ መሆኑን፣ አሥራ ሁለት ወር መድኃኒት የዋጠ ሰው እንደ ማንኛውም ሰው መሆኑን፣ ሳይንስም ዛሬ የሚቆጥረው የተሐዋሲውን ዘር እንጂ የልጅቱን አለመሆኑን ቢናገር፣ ላቦራቶሪው ሊሠራው የማይችለውን ሥራ ሠራ ማለት ነው። ተሐዋሲው መድኃኒት ቢለምድ ሌላ መድኃኒት ይፈለግለታል፤ ሰው ግን መናቅን ሲለምድ መድኃኒቱ ከእኛው አንደበት በቀር ከየትም አይመጣም።